ካርድ ሲባል የትኛው ካርድ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ አባወራ ማታ ቤቱ ገብቶ «ካርድ አልቋል እንዴ?» ቢል፣ የቤቱ ሰው ወይ ስልኩን ያያል ወይ ቆጣሪውን። ያው ቃል ጠዋት ሆስፒታል መስኮት ላይ ሌላ ነው። ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሌላ ነው። ኳስ ሜዳ ላይም አለ፤ ባንክ በር ላይም አለ። በጥር የሰርግ ሰሞን፣ ምርጫ ሲደርስ፣ የዲቪ ወሬ ሲነሳ «ካርድ» ከሰው አፍ አይጠፋም። ነገሮቹ ግን ዝምድና ያላቸው አይመስሉም።

ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው። በእኛ ፊደል ሦስት ሆሄ ብቻ ነው። እንደሱ ብዙ ሥራ የተጫነበት የውጭ ቃል ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ነገር ላይ የተለመደው ወቀሳ «ፈረንጅኛ አማርኛውን በላው» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። አማርኛ ይህን ቃል ከተቀበለ በኋላ በራሱ መንገድ ገርቶታል። የገራውም በግሥ ነው። የስልክ ካርድ ይሞላል። የሐኪም ቤት ካርድ ይወጣል። የተማሪ ካርድ ይሰጣል። የዳኛ ካርድ ይመዘዛል። የሰርግ ካርድ ይበተናል። የባንክ ካርድ ደግሞ፣ ቀን ሲጥል፣ በማሽን ይዋጣል። ግሡ ካለ የትኛው ካርድ እንደሆነ ለማወቅ ማንም አይቸገርም። «ካርድ በተኑ ወይ?» የተባለች የሙሽራ እናት የሆስፒታል ካርድ ትዝ አይላትም።

ጣጣው የሚመጣው ግሡ ሲቀር ነው። ግሥ የሚጥሉት ደግሞ ተናጋሪዎች ሳይሆኑ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የበር ማስታወቂያ ግሥ የለውም። የመስኮት ሠራተኛ ሰልፉ ሲረዝምበት ግሥ አይጨምርም። የስልክ አጭር መልእክትም እንዲሁ። እነሱ ጋ ካርድ ብቻውን ይቆማል፤ ባለጉዳዩ ደግሞ ገምቶ ይመልሳል።

ከስልኩ እንነሳ። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም አንድ የሞባይል ሱቅ ገብታችሁ ልብ በሉ። ባለሱቁ ሦስት ዓይነት ካርድ ይሸጣል። ሲም ካርድ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ የአየር ሰዓት ካርድ። ደንበኛው ግን የመጀመሪያውን «ሲም» ይለዋል። ሁለተኛውን «ሚሞሪ» ይለዋል። ያለ ቅጥያ «ካርድ» የሚባለው የአየር ሰዓቱ ብቻ ነው። «ካርድ አለሽ?» ማለት የምትደውይበት ሂሳብ አለሽ ወይ ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ዛሬ ከሦስቱ በእጅ የማይያዘው እሱ ራሱ ነው። ድሮ ትንሽ ወረቀት ነበር። ጀርባው በሳንቲም ወይም በጥፍር ይፋቃል፣ ቁጥሩ ይታያል፣ በ*805* አስገብቶ መሙላት ነው። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። ባሕር ዳር ያለ ልጅ ሞጣ ላለች እናቱ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ይሞላላታል። የሚፋቅ ነገር የለም። ቃሉ ግን ንቅንቅ አላለም። አሁንም «ካርድ ላክልኝ» ነው። ወረቀቱም ቢሆን ጨርሶ አልሞተም። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ የታየውም ይኸው ነው፤ ኢንተርኔት ከሌለ መተግበሪያ አይከፈትም፣ የሚፋቀው ወረቀት ግን የስልክ መስመር እስካለ ድረስ ያገለግላል።

በተቃራኒው ሲም በአካል አለ፤ ካርድነቱን ግን አጥቷል። በ1991 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ሲሞች ራዲዮሊንያ ለተባለው የፊንላንድ ድርጅት ሲሸጡ የባንክ ካርድ ያህል ነበሩ። ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። እያነሰ እያነሰ ሄዶ ጥፍር አከለ። ሰውም «ካርድ» የሚለውን ጣለለት። አሁን ደግሞ ከስልኩ ጋር ተሠርቶ የሚመጣ፣ የማይወጣና የማይገባ ኢሲም የሚባል አለ። እሱንማ ማን ካርድ ይለዋል!

ይህ ሁለተኛው የአማርኛ ዘዴ ነው። ግሥ መለየት ሲያቅተው ቅጥያውን ያነሳና ካርድ የሚለውን ይጥለዋል። ሲም፣ ሚሞሪ፣ ኤቲኤም፣ አድሚሽን። የብሔራዊ ፈተና ተፈታኝ «አድሚሽን ካርዴ» አይልም። «አድሚሽኔን ረሳሁት» ብሎ ነው የሚደነግጠው። «ኤቲኤሜ ጠፋ» የሚልም ማሽኑ ጠፋ ማለቱ አይደለም።

መብራት ቤት ስንገባ ዘዴው ይላላል። ቅድመ ክፍያ ቆጣሪውን ሕዝቡ «ካርድ ቆጣሪ» ይለዋል። የእሱ ካርድ የምር ካርድ ነው። ፕላስቲኩ ተይዞ ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ይኬዳል፣ ይሞላል፣ ተመልሶ ቆጣሪው ላይ ይደረጋል። ግሡ እንግዲህ ያው «ይሞላል» ነው። ሚስት «ካርድ ሙላ» ብላ ትደውላለች። ባል በደስታ ስልኳን ይሞላላታል። ወጡ ሳይበስል ቤቱ ይጨልማል። እንዲህ ያለውን ቀልድ ያልሰማ የካርድ ቆጣሪ ደንበኛ ያለ አይመስለኝም። ከተሜው መፍትሔውን ራሱ አበጅቷል። መብራቱን «የመብራት ካርድ» ይላል፣ ስልኩን እንዲሁ «ካርድ» ይላል። ኋላ የመጣው ቅጥያ ይሸከማል። አሁን በሞባይል የሚከፈልባቸው ቆጣሪዎች መጥተዋል። እነሱ ሲበዙ የመብራቱም ካርድ እንደ ስልኩ ስሙን ብቻ ትቶ ሊሄድ ነው።

እስካሁን ያነሳሁት ቢበዛ አንድ እራት የሚያዘገይ ነው። ሆስፒታል ላይ ግን ነገሩ ከበድ ይላል።

«ካርድ ማውጣት» በአገራችን ሕክምና መጀመር ማለት ነው። ሐኪም ከማየትህ በፊት ካርድ ታወጣለህ። ትንሽ ገንዘብ ትከፍላለህ፣ ስምህ ይመዘገባል፣ ቁጥር ይሰጥሃል። ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሿ ወረቀት ካርድ ትባላለች። በሚቀጥለው ስትመጣ ይዘሃት ትመጣለህ። ጥሩ። ግን ሐኪሙ የሚጽፍበት፣ የላቦራቶሪ ውጤት የሚታሰርበት፣ ሆስፒታሉ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ትልቁ አቃፊም ካርድ ነው የሚባለው። መደርደሪያው ያለበት ክፍልም «ካርድ ክፍል» ነው። ስለዚህ አንድ ግቢ ውስጥ «ካርድህ ጠፍቷል» ሲባል ሁለት ትርጉም አለው። ትንሿ ወረቀት ከኪስህ ጠፍታ ከሆነ ጥፋቱ ያንተ ነው፤ በስምህ ተፈልጋ ሌላ ትጻፍልሃለች። አቃፊው ጠፍቶ ከሆነ ግን የቆየ የሕመምህ ታሪክ ነው የጠፋው፣ ጥፋቱም ያንተ አይደለም። ቃሉ አንድ ስለሆነ ግን በሽተኛው ሁልጊዜ ኪሱን ነው የሚዳብሰው። እኔ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ቃሉ ጥፋተኛውን ይሸፍናል።

በዚህ ላይ ሌሎች ካርዶች ይጨመራሉ። ሕፃን ያላት እናት የክትባት ካርድ አላት። ነፍሰ ጡሯ የክትትል ካርድ አላት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነው ገበሬ ደግሞ የአባልነት መታወቂያ አለው። አንዱ ደብተር ይለዋል፣ ሌላው ካርድ ይለዋል፣ ሌላው በደፈናው «መድን» ይለዋል።

ጤና መድኑ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። አሠራሩ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ላይ ሲሞከር ደቡብ አቸፈር ከ13ቱ አንዷ ነበረች። ገበሬው መዋጮ በዓመት ይከፍላል፣ ሲታመም ጤና ጣቢያ ይታከማል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ሪፈሩን ካልያዘ መድኑ ላይሸፍንለት ይችላል። እንግዲህ አስቡት። አንዲት እናት ከገጠር ቀበሌ ሌሊት ተነስታ ሆስፒታል መስኮት ላይ ደርሳለች። እጇ ላይ ሦስት ወይም አራት ወረቀት አለ።

«ካርድ።» ይላል ልጁ ከውስጥ።

የመድኑን ትሰጠዋለች።

«ይኼ አይደለም እናቴ፣ ካርድ!»

የልጁን የክትባት ካርድ ትዘረጋለች። ከኋላ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል።

«ካርድ አውጥተዋል ወይ ነው የምልዎት?»

ይኼኔ ገባት። ግሡ ሲመጣ ገባት። «አይ፣ አላወጣሁም ልጄ፤ ገና መምጣቴ ነው።»

ሠራተኛው ክፉ ሰው አይደለም። ጠዋት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ሲጠይቅ ስለሚውል ለእሱ በዓለም ላይ ያለው ካርድ አንድ ነው። ሁሉም ሙያ እንዲህ ነው። ለስልክ ሻጩም ካርድ አንድ ነው፣ ለዳኛውም አንድ ነው፣ ለመምህሩም አንድ ነው። ሁሉንም ካርድ ተሸክሞ ከመስኮት መስኮት የሚዞረው ባለጉዳዩ ብቻ ነው። ብዙ ትርጉም የሚበዛበትም እሱ ነው።

ግሡ ራሱ የሚጋጭበት ቦታም አለ። «ካርድ ማውጣት» የሐኪም ቤት ብቻ አይደለም። ምርጫ ሲመጣ «ካርድ አወጣህ?» ማለት ለመራጭነት ተመዘገብክ ወይ ማለት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተደረገው ስድስተኛው አጠቃላይ ምርጫ በፊት በነበሩት ሳምንታት በየቡና ቤቱ የሚሰማው ጥያቄ ይህ ነበር። እዚህ ላይ የሚያድነን ወቅቱ ነው። ምርጫ በየአምስት ዓመቱ ነው፤ ሕመም ግን ቀን አይጠብቅም።

የጎጃም ሰው ለአንድ ቃል ሁለት ትርጉም እንግዳ አይደለም እንዳትሉኝ። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ያለፈ ሰው ኅብር ምን እንደሆነ ያውቃል። ባለቅኔው አንዱን ቃል ሆን ብሎ ለሰሙም ለወርቁም እንዲያገለግል አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሰሚውም ሁለት ነገር እንዳለበት አውቆ ይፈልጋል። መስኮት ላይ ያለው ግን ኅብር አይደለም። ተናጋሪው አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰበው፤ ሰሚውም አንድ ብቻ ነው የገመተው። የተለያዩ መሆናቸውን ሁለቱም አያውቁም።

ትምህርት ቤት ላይ ብዙ መቆም አያስፈልግም። የተማሪ ካርድ ውጤትና ደረጃ ያለበት ነው፤ ወላጅ ይፈርምበታል። ዘመድ ሁሉ «ካርድ ተሰጠ?» ካለ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። ይኼኛው ካርድ ከሁሉ ይልቅ ልብ ያስመታል ብል ማጋነን አይሆንም።

ኳሱ ጋ ግን ጥሩ ታሪክ አለ። ቢጫና ቀይ ካርድ የተፈጠሩት ቃል ባለመግባባት ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ እንግሊዝና አርጀንቲና ሩብ ፍጻሜ ላይ ተገናኙ። ዳኛው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ክራይትላይን ነበር። የአርጀንቲናውን አምበል አንቶኒዮ ራቲንን ከሜዳ አስወጣው። ዳኛው ስፓንኛ አያውቅም፤ ራቲን ጀርመንኛ አያውቅም። አልወጣም ብሎ ብዙ ደቂቃ ተጨቃጨቀ። በዚያው ጨዋታ ማስጠንቀቂያ የተሰጣቸው የእንግሊዝ ተጫዋቾች እንኳ የተመዘገበባቸው መሆኑን በኋላ ከጋዜጣ ነው ያወቁት። የዳኞች ኃላፊ የነበረው እንግሊዛዊው ኬን አስተን መኪናውን እየነዳ ሲሄድ የትራፊክ መብራት አየ። ቢጫ ተጠንቀቅ፣ ቀይ ቁም። ሐሳቡ ከዚያ መጣ። ካርዶቹ በ1970 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋሉ። በዓለም ዋንጫ ቀይ ያየው የመጀመሪያው ሰው በ1974 እ.ኤ.አ. የቺሊው ካርሎስ ካስሴሊ ነው።

ባሕር ዳር ስታዲየም ዳኛው እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ተመልካቹ ካርዱ ሳይታይ መጮህ ይጀምራል። ግሡን ልብ በሉ። ዳኛ ካርድ «መዘዘ» እንላለን። መምዘዝ የጎራዴ ግሥ ነበር። አማርኛ ለዳኛው ጎራዴ አስታጠቀው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከሜዳ ወጥቶ ሠፈር ገባ። ፍቅረኛው የተለየችው ልጅ «ቀይ ሰጠችኝ» ይላል። የፖለቲካ ተንታኙ ደግሞ «የብሔር ካርድ መዘዘ» ይላል። ይኼ የመጨረሻው ትንሽ የተዛባ ነው። እንግሊዝኛው የቁማር አባባል ነው፤ ቁማር ላይ እኛ የምንጫወተው ካርድ ሳይሆን ካርታ ነው። ኮንከር የሚጫወት ሰው «ካርታ በውዝ» እንጂ «ካርድ በውዝ» አይልም። ተንታኞቻችን ቃሉን ከቁማር ሳይሆን ከዳኛው ኪስ ያወጡት ይመስላል።

ቀለም ሲጨመር ይብሳል። «ቢጫ ካርድ» ብቻውን ሦስት ነገር ነው። የዳኛው አለ። ወደ ውጭ የሚሄድ መንገደኛ የሚይዘው፣ በተለይ የቢጫ ወባ ክትባት የሚጻፍበት ዓለም አቀፍ የክትባት ማስረጃ አለ። ሦስተኛው የሌላ አገር ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚያገኙት መታወቂያ ነው። ከአሜሪካ የመጣ የአጎት ልጅ «ቢጫ ካርድ ላወጣ ነው» ቢል አስተማሪው አጎት ክትባት፣ ኳስ ወዳዱ ወንድም ቅጣት ሊመስላቸው ይችላል። «ግሪን ካርድ» አንድ ትርጉም ብቻ ስላለው እድለኛ ነው። እሱም ለብዙ አሥርት ዓመታት አረንጓዴ አልነበረም፤ ወደ አረንጓዴነቱ የተመለሰው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው።

ካርታና ካርድ አንድ ዘር ናቸው። ሁለቱም ከላቲኑ «ካርታ» ይወርዳሉ፤ እሱም ከግሪኩ «ካርቴስ» ነው፣ ትርጉሙም የፓፒረስ ቅጠል፣ መጻፊያ። ካርታ በጣሊያንኛ በኩል ገባ፤ ካርቶንም የዚያው ወገን ነው። ካርድ በእንግሊዝኛ በኩል መጣ። ከሁሉም ቀድሞ ግን ግዕዝ ያንኑ የግሪክ ቃል «ክርታስ» ብሎ ወስዶት ነበር። ስለዚህ «ካርድ ባዕድ ነው» የሚል ሰው ወንድሙን ክርታስን ከመጻሕፍቱ ማውጣት ይኖርበታል። ካርታም ቢሆን ያለ ጣጣ አልኖረም። የመሬት መልክ የሚያሳየው ካርታ ነው፣ መጫወቻው ካርታ ነው፣ የከተማ ቤት ይዞታ ማረጋገጫውም ካርታ ነው። «ካርታ ይዞ ይዞራል» የተባለ ሰው ተማሪ፣ ቁማርተኛ ወይም ቤት ሻጭ ሊሆን ይችላል። የገጠሩ ገበሬ ግን የእርሻ ይዞታውን «ደብተር» ስላለው ከዚህ ጭቅጭቅ ድኗል።

አሁን ደግሞ ከዚህ ዘር ያልሆነ ካርድ አለ። ባሕር ዳር ያሉ የጨርቃ ጨርቅ ሰዎች ያውቁታል።

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራ፣ የ1950ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካ ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክም ጨርቃ ጨርቅ ያስተምር ነበር። በዚህ ሙያ «ካርዲንግ» የሚባል ሥራ አለ። ጥሬው ጥጥ በጥቃቅን የሽቦ ጥርሶች በተሸፈኑ ሲሊንደሮች መካከል ያልፋል። ቃጫው ይፍታታል፣ ቆሻሻው ይለያል፣ አንድ አቅጣጫ ይይዛል። ይህ «ካርድ» ከወረቀቱ ካርድ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ከላቲን «ካርዱስ» ነው የመጣው። ካርዱስ እሾሃማ ተክል ነው፤ በእኛ አገር የኮሸሽላ ዓይነት። ጥንት ፈረንጆች ሱፍ የሚያበጥሩት በእሾህ ስለነበር ስሙ ለመሣሪያውም ለሥራውም ቀረ። እንግሊዝኛ ሁለቱን የማይዛመዱ ቃላት በአንድ ድምፅ ነው የሚጠራቸው። እንዲያውም በሽመናው ክፍል ሌላ ካርድ ይገጥማችኋል። ፈረንሳዊው ዣካር በ1804 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሽመና ማሽን ላይ ጥለቱን የሚመራው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ነው። እሱ የወረቀቱ ወገን ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከመፍተያው ወደ መሸመኛው ስትሄድ፣ ያው ቃል ዘሩን ይቀይራል።

የጎጃም እናቶች ለዚህ ሥራ የራሳቸው ቃል አላቸው። ጥጥ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል። በደጋን ይነደፋል። ከዚያ ይባዘታል፤ ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ እንዝርት ላይ ይወጣል። ፋብሪካው ካርዲንግ የሚለው በግምት መንደፍና ማባዘት አንድ ላይ ነው። እዚህ ላይ ለየደረጃው የተለየ ግሥ ያለው አማርኛ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይገልጻል። ለሙያው ተማሪ «ካርዲንግ እንደ ማባዘት ነው» ቢባል በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገባዋል። በእጅ ሲሠራ እያየ ያደገ ልጅ ከሆነማ ግማሹን ከቤቱ ይዞት መጥቷል።

ይህ ሁሉ ዛሬ ለምን ይነሳል? ካርዱ ከእጅ እየጠፋ፣ ቃሉ ግን እየበዛ ስለሆነ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ በኋላ ፋይዳ በየከተማው ደርሷል። ፋይዳ በመሠረቱ ካርድ አይደለም። ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ነው፤ ከጣት አሻራ፣ ከዓይንና ከፊት ምስል ጋር ተያይዞ የተመዘገበ። ሰው ግን ቁጥር በእጁ ካልያዘ አያምንም። አሳትሞ፣ በላስቲክ አሽጎ፣ ቦርሳው ውስጥ ያስገባዋል። ባንክ ሄዶ «ካርድ አምጣ» ሲባል የትኛውን ይስጥ? የታተመውን ፋይዳ? ኤቲኤሙን? ሁለቱም ወደ 85.6 በ53.98 ሚሊ ሜትር የሚጠጉ፣ አንድ ልክ ናቸው። ዓይነ ስውር አያት በዳሰሳ ሊለዩአቸው አይችሉም። የቀበሌው መታወቂያ በአንጻሩ ማንንም አሳስቶ አያውቅም። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። መንጃ ፈቃድም እንደዚያው።

ስለዚህ ካርድ የሚለውን ቃል ማባረር አያስፈልግም፣ የሚቻልም አይመስለኝም። ለስልኩ፣ ለዳኛው፣ ለሰርጉ ይቆይ። የሚያስፈልገው መሥሪያ ቤቶች ሁለት ቃል እንዲጨምሩ ነው። አንዱ የባለቤቱ ስም ነው። «የመብራት ካርድ»፣ «የክትባት ካርድ»፣ «የባንክ ካርድ»። ሌላው ግሡ ነው። በሩ ላይ «ካርድ» ብቻ ከሚጻፍ «አዲስ ታካሚ ካርድ የሚያወጣበት» ቢባል ሰሌዳው በአንድ መስመር ይረዝማል እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። ለስልክ መልእክትም ያው ነው። «ካርድዎ ተሞልቷል» የሚል መልእክት የማን እንደሆነ ከራሱ ከመልእክቱ መታወቅ አለበት።

ሆስፒታሎች ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ ማለፍ አለባቸው። ትንሿ ወረቀትና ትልቁ አቃፊ አንድ ስም መያዛቸው መቅረት አለበት። ለትልቁ የሚሆን ቃል ከሩቅ አይፈለግም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየጤና ኬላው የአንድን ቤት የጤና መረጃ የሚይዙበትን አቃፊ «የቤተሰብ ማኅደር» ይሉታል። ማኅደር ድሮም የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበት የቆዳ ቤት ነው፤ ደብር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። «ማኅደርዎ አልተገኘም» የተባለ በሽተኛ ኪሱን አይዳብስም። ወደ መደርደሪያው ነው የሚያየው። መረጃው ወደ ኮምፒውተር በገባበት ቦታም ቃሉ ሳይለወጥ ያገለግላል፤ አሁን የሚለጠፈው የበር ሰሌዳ ከመቀባቱ በፊት መወሰን ያለበት ይህ ነው።